የደጃዝማቹ ሰናድር

ሞቶ አጥንቱ የረገፈ ንጉሥ ዛሬ ሰው ያስገድላል ወይ? ኢንስፔክተር ውብአለም ከሬሳው አጠገብ ቆማ፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ስለ ነገሥታት የተጻፈ የንግግር ወረቀት እያየች ይህን ራሷን ጠየቀች።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ሞላ ጠረጴዛቸው ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ራሳቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ ከደረቀ ቆይቷል። እሑድ ጠዋት ሬሳውን ያገኙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺ ናቸው።

«ለምን አልጮኹም እማማ?» አለች ውብአለም።

«ገዳዩ ጓዳ ያለ መስሎኝ ነዋ ልጄ። ጮኼ ሊጨርሰኝ? ቀስ ብዬ ለናንተ ደወልኩ።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ምላሴ ተሳስሮ ለማን ልናገር።»

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። የሟቹ የአጎት ልጅ አቶ ብርሃኑ ነበሩ። የነጠላቸው ሰማያዊ ጥለት አንገታቸውን ከቦታል። በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አይተው፣ «ምነው በደኅና? መምህር አልተነሣም እንዴ? ከቅዳሴ መውጣቴ ነው፤ ጠበል ጸዲቅ ልወስደው ነበር» አሉ። የሆነው ሲነገራቸው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። እንባው የውሸት አይመስልም ነበር።

ትንሽ ሲረጋጉ በቤቱ ክፍት በር ጠረጴዛውን አዩ። «ጠመንጃችንስ? ቅድመ አያታችን ደጃዝማች ዘውዱ ከእንግሊዝ የማረኩት ሰናድር! የፊታችን ሐሙስ በከተማው አዳራሽ ንግግር ሲያደርግ ለሰው ላሳየው ብሎ ተውሶኝ ነበር። በአደባባዩ የምናቆመው የደጃዝማቹ ሐውልት ይህንኑ ጠመንጃ የያዘ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ርብቃ የምትባል ተማሪውን ጠይቂያት። ትናንት አመሻሽ ስትጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ርብቃ ታሰረች። ቀትር ሳይሆን ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ «መምህሯን የገደለች ትውጣልን» እያለ ይዝታል።

«ምን አጣላችሁ?» አለች ውብአለም።

«አብዮት።»

«አትቀልጂ።»

«የምቀልድ እመስላለሁ? መምህር የሚሉት ይህን ነበር፦ ንጉሡን በሕግ የሚገድበው ጠፍቶ በጠመንጃ የሚገድበው በዛ። እንግሊዙ ለአንዱ ጌታ፣ ፈረንሳዩ ለሌላው፣ ጣሊያኑ ለሌላው ጠመንጃ ያድላል፤ የሚቀናኑት እነሱ፣ የምንተላለቀው እኛ። ኋላ የመጣው ንጉሥ ያን ፈርቶ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። ልጓም የሚያስገባለት ሲታጣ አብዮት መጣና ጠራረገው። እኔ ደግሞ ‹ገበሬውን የት ጣሉት? ፈረንጅ ባይመጣ የተራበ አይነሣም ነበር?› ብዬ ጮህኩ። ሳቁና ‹ሐሙስ ተነሥተሽ ይህንኑ በሰው ፊት በይኝ› አሉኝ። ስወጣ ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«አሁን የለም።»

«እኔ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል? ውጭ አገር የተማሩት ይህን ነው? የጮኸን ማሰር?»

ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችውን ውብአለምን ቃሉ ጠቀጠቃት። ቢሆንም ምርመራውን ቀጠለች።

«ነገ ቀብራቸው ነው» አለች ርብቃ። «ፖሊስ አቁሙብኝና ቆሜ ልቅበራቸው።»

«አይሆንም። ሕዝቡ ይጎዳሻል።»

ርብቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ መቃብሩ ዙሪያ ሰው እንደ ጎርፍ ተሞላ። ውብአለም ከዛፍ ሥር ሆና ለቀስተኛውን ስትቃኝ ዓይኗ ነጠላው ላይ አረፈ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ጥለቱን ወደ አንገቱ አዙሯል፤ የኀዘን አለባበስ ነው። ይህን እያወቀች አድጋ፣ ባሕር ማዶ በኖረችባቸው ዓመታት ዓይኗ ዘንግቶታል። የእሑዱ የግቢ በር ፊቷ ላይ ድቅን አለ። በራሷ ተናደደች።

ቀብሩ ሲያበቃ የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ጥበቡን ፈልጋ አገኘች። «መሪጌታ፣ እሑድ ጋሽ ብርሃኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አይተዋቸዋል?»

«አብረን ነው የወጣን።»

«ነጠላቸውን እንዴት ነበር የለበሱት?»

«እንደ አስቀዳሽ አመሳቅሎ ነዋ። ምነው ልጄ፣ ምርመራው ቀርቶ የሰው ልብስ መቃኘት ጀመርሽ?»

በሠልስቱ ዘመድ አዝማዱ በመምህሩ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተሰብስቧል። ውብአለም ርብቃን ይዛ ገባች። ማጉረምረም ተነሣ።

«ይህችን ከፊታችን አውጡልን» አሉ ብርሃኑ። «በሬሳው ላይ ልትስቅ ነው?»

«ትቀመጥ» አለች ውብአለም። «ጋሽ ብርሃኑ፣ እሑድ እዚህ በር ላይ ሲደርሱ የመምህሩን ሞት ያውቁ ነበር?»

«ከየት አውቄ? ከናንተ አፍ ሰማሁ እንጂ።»

«ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላዎ የተመሳቀለ ነበር። መሪጌታ ምስክር ናቸው። እዚህ በር ላይ ሲደርሱ ግን ጥለቱ አንገትዎ ላይ ነበር፤ እኔም በሩ ላይ የነበረው ፖሊስም አይተናል። ሰው ጥለቱን እንዲህ የሚያዞረው የት ሲሄድ ነው?»

ለቀስተኛው የየራሱን ጥለት ተመለከተ።

«ለቅሶ ቤት» አሉ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው።

«ወሬው መንገድ ላይ ደርሶኝ ይሆናላ» አሉ ብርሃኑ።

«አሁን ከእኛ ሰማሁ አሉ። ደግሞም ወይዘሮ የሺ ከፖሊስ በቀር ለማንም አልተናገሩም። ከልጅነት የለመደ እጅ ነው ጋሼ። አፍዎ ‹አልተነሣም እንዴ› ሲል እጅዎ ቀድሞ አዝኖ ነበር።»

«በነጠላ ሰው ይፈረዳል?»

«በነጠላው ተጠራጠርኩ። ከዚያ ስለ ጠመንጃው አሰብኩ። የሰረቀ ሰው ይሸጠዋል። ገድሎ የሸሸ ሰው ገደል ይጥለዋል። የቅድመ አያቱን ክብር የሚያይበት ሰው ግን አይሸጠውም፣ አይጥለውምም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ቤትዎን አስፈተሽኩ።»

ፖሊሱ ሰናድሩን ይዞ ገባ። ከብርሃኑ ጎተራ፣ ከጤፉ ሥር ነበር የወጣው። ሰደፉ ላይ በደረቀው ደም የጤፍ ፍሬ ተለጥፎበታል።

ብርሃኑ ተነሡ። «ቅድመ አያቴን ‹አልማረከም፤ ጠመንጃ ተቀብሎ ንጉሡን ሊወጋ ለመጣው እንግሊዝ መንገድ የከፈተ› ሊል ነበር! ሐውልቱ ሊቆም ሲል፣ በገዛ ጠመንጃችን ሊያዋርደን! መልስልኝ አልኩት። ‹ሐሙስ ይለፍ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ወንድሜ ነበር፤ አልቅሼለታለሁ።»

«አልቅሰዋል» አለች ውብአለም፤ ድምፅዋ በቁጣ ሻከረ። «እንግሊዙ ያን ጠመንጃ ትቶ አገሩ ገብቷል። እኛ ግን እስከ ዛሬ በሰደፉ እንፈላለጣለን። ይህችን ልጅም ልትበሏት ነበር። እኔም አብሬያችሁ።»

ብርሃኑ በካቴና ሲወጡ የሺ ወደ ርብቃ ቀርበው ትከሻዋን ያዙ። «ይቅር በይን ልጄ። እህል ቅመሺ።»

«እናንተ አፈር አልብሳችኋቸዋል እማማ» አለች ርብቃ። «እኔ ብቻ ቀረሁ።» እጃቸውን ቀስ አድርጋ አወረደችና ወጣች። ውብአለም ተከትላት መንገድ ድረስ ሄደች። ርብቃ እናቷ ወዳሉበት ወደ አንበሳሜ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁማ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ማታ ውብአለም ስልኳን አውጥታ ብዙ ጻፈች፤ ሁሉንም አጠፋችው። በመጨረሻ፣ «ርብቃ፣ ውብአለም ነኝ። ደኅና ገባሽ?» ብላ ላከች።

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን ያን ማታም ከዚያም በኋላ አልመጣም።