ጨለማ ውስጥ የቀላችው ነጥብ

«አትንኪያት!»

ጭምት ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት የሳይንስ ክበቡ ልጆች ያወቁት ያን ቀን ነው። ጓደኛዋ፣ ስቴኪኒ የያዘ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ዞር ብላ አየቻት። ይቺን ጓደኛዋን ሬዲዮ የሚሏት አፏ ስለማያርፍ ነው።

«አበድሽ እንዴ? አንዲት ናት እኮ! ፍቄ ባወጣት ማን ያውቃል?»

ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያላቸው ትናንሽ ሳህኖች ተደርድረዋል። ልጆቹ በየሳህኑ ውስጥ ያንኑ የዳቦ ሊጥ የሚያቦካውን እርሾ ዘርተውበታል፤ እያንዳንዷ ሴል ተባዝታ የመርፌ ራስ የምታህል ነጭ ነጥብ ሆናለች። ሥራው ቀላል ነበር። ግማሾቹን ሳህኖች አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አኖሩ፤ ግማሾቹን በፎይል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉ። መብራቱ የእርሾውን ጂን ያበላሻል፤ አንድ የተወሰነ ጂን የተበላሸባት እርሾ ደግሞ ነጭነቷ ቀርቶ ትቀላለች። መብራት በነካቸው ሳህኖች ውስጥ እዚህም እዚያም ቀይ ነጥብ ወጥቷል። ጨለማ የቆዩት ግን ከአንዲት ነጥብ በቀር ሁሉም ነጭ ናቸው። ሬዲዮ ልትፍቃት የነበረው ያቺን ነው።

«ነገ ኤግዚቢሽኑ ነው» አለች ሬዲዮ። «ዳኞቹ ይቺን ካዩ ፎይላችሁ ቀዳዳ ነበረው ብለው ነው የሚያሾፉብን። የጨለማው ንጹሕ መሆን አለበት።»

«ፎይሉን አይቼዋለሁ። ቀዳዳ የለውም።»

«ታዲያ ምን አቀላት?»

እነ ጭምት ቤት ይህ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሯቸው ኖሯል።

ታናሽ ወንድሟ ጡንቻው እየደከመ፣ በመጨረሻም መተንፈስ እያቃተው ነው የሞተው። ሐኪሙ በሽታው ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሳይሆን አዲስ የመጣ የጂን ለውጥ ነው አለ። እናቷ «አዲስ» የምትለዋን ቃል ይዛ ቀረች። አዲስ ከሆነ ያመጣው ነገር አለ ማለት ነው። እሱን አርግዛ ሳለ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ነበር የምትሠራው፤ የቆሻሻ ማስለቀቂያው ኬሚካል ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። ልጁ ከሞተ በኋላ ሥራውን ለቀቀች። እስከ ዛሬ ግን ለምግብ ከመቅረቧ በፊት መዳፏን አፍንጫዋ ጋ ታስጠጋለች፤ ሽታው የለቀቃት አይመስላትም።

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «አንቺ አይደለሽም» ይላታል። አባትየውም ይላል። ጭምትም ብላታለች፤ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ የወንድሟ ከባድ እስትንፋስ ዛሬም ይሰማታል። አልጋው ባዶ መሆኑን እያወቀች ጆሮዋን ትጥላለች፤ በሰማችው ቁጥርም በሆዷ እናቷን ትከስሳለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ራሷም ታፍርበታለች።

«ምንድን ነው ጭቅጭቁ?» የባዮሎጂ መምህራቸው ገቡ። ሬዲዮ እያጣደፈች ስታስረዳቸው ሳህኗን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩዋት፤ ፈገግም አሉ።

«ማናባቱ ነው ፍቁ ያላችሁ? ይቺማ የሥራችሁ ግማሽ ናት። ሴል ሲባዛ ጂኑን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አንዳንዴ ይሳሳታል። መብራቱ ስሕተቱን ያበዛዋል እንጂ ያለ መብራትም ይመጣል።»

«ማንም ሳይነካው?» አለች ጭምት።

«ማንም ሳይነካው።»

ጭምት ወደ ሳህኖቹ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ መብራት ያቀላትንና በራሷ የቀላችውን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው መለየት እንችላለን?»

«በማየት አንችልም። ብዙ ሳህን ቆጥረን መብራቱ ቁጥሩን እንደጨመረ እናውቃለን። አንዷን ለብቻዋ ይዘሽ ምን አቀላሽ ብትያት ግን አትነግርሽም።»

መምህሩ ሲወጡ ሬዲዮ ስቴኪኒዋን ቅርጫት ውስጥ ወረወረች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! በቃ ትቀመጥልሽ።»

በማግስቱ አዳራሹ በወላጆች ተሞላ። ጭምት እናቷ ትመጣለች ብላ አልጠበቀችም፤ ልጇን ካጣች ወዲህ ሰው ከሚበዛበት ቦታ ትሸሻለች። መጣች። ማብራሪያውን አዳመጠች፤ ከዚያ ሳህኖቹ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይቺኛዋስ? ጨለማ ውስጥ ነበሩ አላላችሁም?»

«ነበሩ።»

«ታዲያ ምን አድርጋችኋት ቀላች?»

«ምንም አላደረግናትም፣ እማ። ሴሉ ሲባዛ ይሳሳታል። ዝም ብሎ።»

እናቷ እንዳቀረቀረች ቀረች። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል።

«የሱም እንደዚህ ነው?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። እናቷ ያቺን ቃል ምን ያህል እንደተራበች ጭምት ታውቃለች፤ ቃሏም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ያም እንደ ሌላው ማጽናኛ ሁሉ ከአንገት በላይ ሊሆን ነው።

«አላውቅም፣ እማ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንደዚህ ሊሆን ይችላል። ኬሚካሉም ሊሆን ይችላል። ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

እናቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። ጭምት የፈራችው መሰበር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ሁሉም ሰው አንቺ አይደለሽም ነው የሚለኝ» አለች። «እንዴት አወቁ እያልኩ አላምናቸውም ነበር። አላውቅም የሚለኝ ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ።»

«ዳኞቹ መጡ!» ሬዲዮ የጭምትን እጅጌ ጎተተች። «የጨለማውን የምታስረጂው አንቺ ነሽ እኮ!»

ጭምት ወረቀት ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው የሚመጡትን ሰዎች አየች። ለዚህች ሰዓት ስትለማመድ ነው የከረመችው።

«አንቺው አስረጂያቸው» አለቻት። «ለወሬ ማን ብሎሽ!»

የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የአዳራሹ ጫጫታ ወደ ኋላ ቀረ። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እማ» አለች፣ «እኔም አንቺ አይደለሽም ስልሽ፣ ሆዴ የሚለው ሌላ ነበር።»