የሰንበሊት ቤዛ

በነጎራ ምድር ምንጮች ሁሉ በአንድ ጀምበር ዝም አሉ። በነጩ ዋርካ ላይ ሆና፣ በዜማዋ ውኃን ከዓለት ሥር የምትጠራው ወፍ ሰንበሊት ተሰርቃ ነበርና። ወንዙ ጭቃ፣ ጭቃውም አቧራ ከሆነ በኋላ ወፊቱ በኤልጋት ንግሥት በሳርሚት ግንብ ውስጥ እንደምትገኝ ወሬው ደረሰ።

ኤልጋትን ግን ጦር አይደፍራትም። ሁለቱን አገሮች በሚለየው የጉም ባሕር ውስጥ ጎርማ የሚባል ዘንዶ ያደፍጣል፤ ብረት የጫነውን ታንኳ ሁሉ ይሰብራል። ስለዚህ የነጎራ ንጉሥ በሠራዊት ፈንታ የአገሩን የከበሮና የጭፈራ ጓድ ላኩ። መሪው ሽማግሌው ከበሮ መቺ አባ መርዕድ ነበሩ፤ ከሁሉም ታናሿ ደግሞ ከመንደሯ ርቃ የማታውቀው ተወዛዋዧ ዘሚራ።

«ወፊቱን ሳንይዝ ብንመለስ የአገራችን አፈር ይብላን!» ብለው ማሉ። ዘሚራም አብራ ማለች።

ብረት ባልጫነ ታንኳ ከጉሙ መካከል ሲደርሱ ዘንዶው ራሱን ከውኃው አወጣ። እንደ ቤት ጣሪያ የሰፋ ግንባሩን አስጠግቶ አሸተታቸው። ዘሚራ የአባ መርዕድን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«አባባ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ሽማግሌ የማይፈራ መስሎሻል?» አሉና ከበሮውን በጣታቸው ጫፍ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ መታ መታ አደረጉት። ጎርማ ዐይኑን ከድኖ ሰመጠ።

የኤልጋት አዳራሽ ወለል እንደ መስተዋት የተወለወለ እብነ በረድ ነበር። ንግሥቲቱ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው፣ በመጋረጃ በተከለለ አልጋ ላይ፣ አባቷ ከሞቱ ወዲህ አንድም ቃል ያልተነፈሰች ትንሽ ልጃቸው ኤፍታ ተኝታለች። ከራስጌዋ ሰንበሊት በወርቅ ፍርግርግ ውስጥ ታዜማለች።

ጓዱ ንግሥቲቱን እንዲያጫውት ተፈቅዶለት ከበሮው ነጎደ። ዘሚራ ትከሻዋን እየሰበቀች ወደ መካከል ወጣች፤ ልትሽከረከር ስትል እግሯ ከዳትና በጀርባዋ ተዘረረች። የአገሬን ስም አዋረድኩ ብላ ፊቷ በእፍረት ሲነድ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሕፃኗ ከት ብላ ሳቀች።

አባ መርዕድ ከበሮውን አንዴ ድው አደረጉት። ዘሚራ ገባት። ተነሥታ ዳግም ወደቀች፤ አሁን ሆን ብላ ነው። ኤፍታ መጋረጃውን ገልጣ በባዶ እግሯ ወረደች።

«ድገሚው!» አለች።

ንግሥቲቱ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ከዙፋናቸው ተነሡ። «ይህን ድምፅ ዳግም የምሰማ አልመሰለኝም ነበር! በሟቹ ባሌ ዐፅም እምላለሁ፤ የፈለግሽውን ጠይቂኝ!»

«ወፋችንን፣ ግርማዊት ሆይ። ሕዝባችን በውኃ ጥም እያለቀ ነው።»

የንግሥቲቱ ፊት ጠቆረ። «ልጄን በሐዘኗ ውስጥ በዜማዋ ያኖረችልኝ ይህች ወፍ ናት። ሄዳብኝ ልጄ ተመልሳ ዝም ብትልስ? መሐላዬን አላጥፍም፤ ግን እናት ነኝ።»

ኤፍታ የዘሚራን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ዘሚራ ትንሿን እጅ በእጇ ያዘች።

«እንግዲያውስ ወፊቱ ትሂድ፤ እኔ ልቅር» አለች። «ልዕልት አድጋ ሂጂ እስክትለኝ ድረስ ከጎኗ አልለይም።»

በወደቡ ላይ አባ መርዕድ ንግሥቲቱ የሰጧቸውን ወፍ ይዘው ታንኳው ውስጥ መግባት አቃታቸው። «ይዤሽ መጥቼ ጥዬሽ ልሂድ? ለእናትሽስ ምን ልበላት?»

«በባዕድ ንግሥት ፊት በጀርባዋ ተዘረረች በሏት፣ አባባ። መጀመሪያ ትስቃለች።»

«ከዚያስ?»

ዘሚራ ከበሮውን ተቀብላ ታንኳው ውስጥ አኖረችላቸው። ሽማግሌው ግንባሯን ስመው ተሳፈሩ። ጉሙ ታንኳውን ሲውጠው ኤፍታ እጇን ጎተት አደረገቻት። «አልጋሽ ከእኔ አልጋ አጠገብ ነው። ነይ ላሳይሽ» አለቻት።

ሰንበሊት በነጩ ዋርካ ላይ ባዜመች ዕለት የነጎራ ምንጮች ገነፈሉ። ሰውና ከብት ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ጠጡ፤ ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ ውኃው ውስጥ ዘለሉ። የዘሚራ እናት ግን እንስራዋን ታቅፋ፣ ሳትቀዳ፣ ምንጩ ዳር ለብዙ ጊዜ ቆማ ቀረች።