የኤቫሪስቶ የመጀመሪያ ነጭ ቴኪላ

ኤቫሪስቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኦቲሊያ ከአባቷ ከዶን ክሪስፒን ጎን ተቀምጣ ታየው ነበር።

የዶን ክሪስፒንን ልጅ የሚፈልግ ወንድ ሽማግሌ መላክ ብቻ አይበቃውም፤ በገዛ እጁ አጋቬ ከሚባለው እሾሃማ ተክል ያወጣውን አረቄ፣ ነጭ ቴኪላ፣ ይዞ ይመጣል። በበርሜል የከረመ አይቆጠርለትም። እንጨት የሠሪውን ጥፋት ይሸፍናል፤ ነጩ ግን ገበና አይደብቅም። ቀማሿም ልጅቱ ናት፤ አባቷን ክፉ ትኩሳት ከያዘው ወዲህ አፍንጫው አያሸትም።

«ቅመሺ እንጂ! አጋቬው እንደ አያቴ ዘመን በጉድጓድ የተጠበሰ አይደል፣ ጭስ ጭስ አይልሽም» አላት አባቷ።

ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ አሸችና አሸተተችው። የበሰለ አጋቬ ጣፋጭ ሽታ መጣ። ደስ ሊላት ሲል ሌላ ነገር አፍንጫዋን ወጋት፤ የቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ። ቀመሰችው። ምላሷን ለበለባት።

ቀና ስትል ኤቫሪስቶ ዓይን ዓይኗን ያያል። «ግሩም ነው» ብትል ሠርግ ነው። ግን አብረው ሲኖሩ፣ በዚህ ውሸት ላይ ስንት ሌላ ይደረብበታል?

«የመጀመሪያው ወራጅ አብሮ ገብቷል» አለች። «መድፋት የነበረብህን መርዛም ጠብታ አልደፋኸውም።»

ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን አነሣ። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ ወደ ጓዳላሃራ ከተማ ይሄዳል፣ እዚያው ሌላ ያገባል።

እሱ ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። «እውነቷን ነው፣ ዶን ክሪስፒን። የመጀመሪያውን ወራጅ የተቀበለውን ማሰሮ መቀየር ሲገባኝ እሷ ለእናቴ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ይዛ በግቢያችን አለፈች። ዓይኔን ስመልስ ሁሉም ተቀላቅሎ ማሰሮው ሞልቷል።»

ኦቲሊያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«አንተ ጉደኛ!» ዶን ክሪስፒን ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «ይኸን ይዘህማ ልጄን አልሰጥህም። ሂድ፣ እንደገና አውጣ!»

«እንደገና ብታልፍስ?»

«ከጎንህ ትቁማ! ያኔ ወዴት ልትዞር ነው?»

በሳምንቱ አረቄው ማውጫ አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙ። የመጀመሪያውን ወራጅ ኦቲሊያ ራሷ ደፋችው። ቀጥሎ የወረደውን በቅል ተቀበለች፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ እንደ ዶቃ ተደረደረ፣ ቶሎም አልጠፋም፤ ይህ የጥሩ ቴኪላ ምልክት ነው። ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?»

«ዝም በል» አለች እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «መጀመሪያ ትንፋሼን ልመልስ፤ ከዚያ ግሩም መሆኑን ለአባባ ትነግረዋለህ።»