የሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ትኩሳት

ጢርርር… ቋ!

ድምፁ ከላይ መጣ፤ አሮጌ አልጋ ላይ ከባድ ሰው ሲገላበጥ እንደሚሰማው፣ ረጅምና ደረቅ።

«ይማርህ!» አለ መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ። ማንም ቀና አላለም።

በጽላሎት ከተማ ጥላው ሲያስነጥስ ይማርህ ይባላል። ጥላው ከተማዋን ከአፋር ቆላ ፀሐይ የሚከልላት፣ በአርባ ምሰሶዎች ላይ የተወጠረ የብረትና የሸራ ጣሪያ ነው። ቀትር ላይ ብረቱ ሲግል ይጮኻል። ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከሚለምዷቸው ቃላት አንዱ ይኸው ይማርህ ነው።

ትርሲት በዚያ ሐሙስ ይማርህ አላለችም። ጣቷን አቃጥሏት እየነፋችው ነበር።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ወንድይፍራው።

«መጽሐፍህ ትኩሳት ይዞታል።»

ወንድይፍራው በሰባተኛው ምሰሶ ሥር ያለው የምቹ ገጽ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ምቹ ገጽ በየምሰሶው ሥር አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አርባ ሱቅ አለው። ትርሲት የድርጅቱ ወረቀት አካሚ ናት። የምታክመው ስሜተኛ ወረቀት ይባላል፤ የአንባቢን የልብ ምት በጣቱ ጫፍ በኩል የሚቆጥር ወረቀት ነው። አንባቢ የደነገጠበትን ቦታ ይይዛል። ብዙ ሰው ከደነገጠበት ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ይለውጠዋል፤ በአርባውም ሱቅ፣ በየቤቱም መደርደሪያ ላይ፣ በአንዴ። ይህ ማለዘብ ይባላል። ሕዝቡ ወዶታል። የምቹ ገጽን መጽሐፍ አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም።

የታመመው መጽሐፍ «ምሰሶ ተካዮች» ይባላል። ከዘጠና ዓመት በፊት ጥላውን ከተከሉት ሠራተኞች አንዱ የጻፈው ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ እንደ ካውያ ይፋጃል። ትርሲት ጓንቷን አጥልቃ አነበበችው፦ «ሠራተኞቹ ድምፁን ሲሰሙ ተያይተው ሳቁ። ከዚያም ምሳቸውን በሉ።»

«ይኼ ምን የሚያስደነግጥ ነገር አለው?» አለች። ወረቀቱ የያዘውን መዝገብ የሚያወጣውን ማዳመጫዋን ከገጹ ጋር አገናኘች። መልሱ ወዲያው ወጣ፤ ገጹ አሥራ አንድ ጊዜ ለዝቧል። ወረቀት ከአሥር በላይ ከለዘበ ይታመማል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ፈልጎ እንደገና ማተም። ዋናውን መጋዘን ጠየቀች። የመጋዘኑም ቅጂ ስሜተኛ ወረቀት ነው፤ እሱም ለዝቧል።

«ጋሽ ሁመድ ጋ መሄዴ ነው» አለች።

ወንድይፍራው ሳቀ። «እዚያ አቧራ ቤት? ሁመድ እኮ መጽሐፍ አይሸጥም፣ ሰው ነው የሚያግተው! መታወቂያ ካላስያዝሽ አንዲት ቅጠል አያስነካሽም። የፈለግሽው ሲኖር ሽፋኑ የለም፤ ሽፋኑ ሲኖር መጨረሻው ተቀዷል። እኔ ጋ ንጹሕ፣ ርካሽ፣ በየሰፈሩ የሚገኝ። ሰው ምን ጎደለው?»

«እኔ ምን አውቄ። ላየው ነው የምሄደው።»

«ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ፎቁ ላይ አራስ ተኝታለች።»

ሚስቱ ሐረገወይን ከተገላገለች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ቤታቸው ከሱቁ በላይ ነው፤ በመስኮታቸው እጅ ቢዘረጋ ሰባተኛው ምሰሶ ይነካል።

የጋሽ ሁመድ ሱቅ ከከተማው በር አጠገብ ናት። በጽላሎት የቀረች ብቸኛዋ የግል መጽሐፍ ቤት እሷ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተገነጠለ መጽሐፍ ይሰፋሉ።

«ጋሽ ሁመድ፣ ምሰሶ ተካዮች ይኖርዎታል?»

«አለ። መታወቂያሽ?»

«የምቹ ገጽ ሠራተኛ ነኝ እኮ፤ ይመኑኝ።»

«ለዚሁ ነው የጠየቅሁሽ።»

መታወቂያዋን አስረከበች። እሳቸውም ከማር ሰፈፍ የባሰ የወየበ መጽሐፍ አወጡላት። «አርባ ሱቅ አላችሁ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «እኔ አንድ ነኝ። መጽሐፉም አንድ ነው። ሰው አይመጣም። መጽሐፉ ግን ካስቀመጥኩት ቦታ፣ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ።»

ትርሲት እዚያው ቆማ ሰማንያ ስምንትን ገለጠች።

«ብረቱ አንድ ጊዜ ሲጮኽ ሙቀት ነው፤ ሥራችንን እንቀጥላለን። ትንፋሽ ወስዶ ሲደግም የምሰሶው ማሰሪያ ላልቷል ማለት ነው፤ ዕቃችንን ጥለን እንሮጣለን። ሦስተኛውን ሰምቶ የነገረኝ ሰው የለም። የሰሙት አሥራ ዘጠኙ ጓደኞቼ ዛሬም ከሰባተኛው ምሰሶ ሥር ናቸው።»

ልቧ ደረቷን ደበደበው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው፣ መስመሩ እስኪለዝብላት ጠበቀች። ወረቀቱ አልተለወጠም። አሥራ ዘጠኙም እዚያው ነበሩ።

ከሱቋ ስትወጣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ጥላ ጠባቂዎች ቢሮ በረረች። ተረኛው ጠባቂ ለውዝ እየፈለፈለ ሰማትና የሥራ መመሪያውን ከመሳቢያ አወጣ።

«ይኸውልሽ፣ አንቺው አንብቢው፦ ‹ድምፁ መደጋገሙ የጥላው ጤንነት ምልክት ነው።›»

«ድምፁ አከታትሎ ሁለት ጊዜ ጮኾ ያውቃል?»

«እንዴታ! ትናንት ደገመ፤ ሰባተኛው ላይ። እኛም ሁለት ጊዜ ይማርህ አልነዋ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ትርሲት የመመሪያውን ጀርባ ገለበጠች። የምቹ ገጽ ማኅተም አለበት። ገጹን ነካችው፤ ሞቅ ብሏል። እጇን ቶሎ መለሰች። ከተማው ውስጥ ያለ ወረቀት ሁሉ ሲያባብላት የኖረ መሰላት፤ የምትረግጠው መሬት ራሱ የለዘበ መሰላት።

ወንድሟ ዘንድ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። «ወንዴ፣ ሐረገወይንን ከዚህ አውጣት። ዛሬውኑ።»

«አራስ ከአልጋዋ አንስቼ የት ልውሰዳት? ፀሐይ ላይ ላስጣት?»

«ትናንት ደግሟል እኮ!»

«አንድ የተቀደደ መጽሐፍ አንብበሽ ነው?» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርሲቴ፣ ሥራ በዝቶብሻል። ሂጂና ተኚ። ለሐረግም እንዳትነግሪያት፤ ጡቷ ይደርቃል።»

አልነገረቻትም። በሩ ላይ ቆማ ሕፃኑ ሲያስነጥስ ሰማች። ሐረገወይን በለሆሳስ «ይማርህ» አለችው።

አርብ ሙሉ ቀን የጥላ ጠባቂዎቹን አለቃ ደጅ ጠናች። «መመሪያው ምን ይላል?» ብሎ መለሳት። ወደ ሥራ ቤቷ ተመልሳ ማዳመጫዋን ከታመመው ገጽ ጋር አገናኘችና የማለዘቡን መዝገብ ወደ ኋላ ገለጠች። ገጹ ለዝቦ እንዲጠፋ ያደረገው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች፤ የሚከሰስ አለቃ፣ የሚወገዝ ክፉ ሰው። አሥራ አንደኛው፣ አሥረኛው፣ ዘጠነኛው… የተመዘገቡት የደነገጡ አንባቢዎች ጣቶች ብቻ ነበሩ። አስተማሪ፣ ሹፌር፣ ሙሽራ። የመጀመሪያው ማለዘብ ላይ ስትደርስ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሠፈረው ስም የራሷ ነበር፤ ዕድሜ አሥራ አንድ።

ትዝ አላት። ያን መጽሐፍ ወርውራ እናቷ እቅፍ ውስጥ ገብታ አልቅሳለች። እናቷም «ነገ ይለወጥልሻል» ብላታለች። በማግስቱ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ይበሉ ነበር። እንዴት ደስ እንዳላት! እውነቱን ከከተማው ሰው ማንም አልሰረቀም። እያንዳንዱ ሰው ፍርሃቱን በጣቱ ጫፍ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ወረቀቱም እንደ ታዘዘው ተቀብሏል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እንደ ወትሮው እትዬ አስካለ ቤት ተሰበሰቡ። እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው አንደኛው ምሰሶ ሥር፣ ከበሩ አቅራቢያ ነው። እሳቸው፣ ትርሲትና ወንድይፍራው የንባብ ማኅበር አላቸው፤ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ተራ በተራ ጮኽ ብለው ያነባሉ። ወንድይፍራው የመጣው ሐረገወይን ገፍታ አስወጥታው ነው፤ «እስክትመለስ እንተኛ» ብላ።

«እህቴ ወደ አቧራው ሃይማኖት ገብታለች፣ እትዬ» አለ ሲቀመጥ።

«ተዋት! እኔም በወጣትነቴ ሁመድ ጋ መታወቂያ አስይዣለሁ። መጽሐፉን ሳልመልስ አንድ ዓመት ያለ ስም ኖሬአለሁ» ብለው ሳቁ። «ግን የምቹ ገጽ ይሻለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስደነግጠኛል?»

«ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለች ትርሲት። አሮጌውን መጽሐፍ ገለጠች። «እናንተ በራሳችሁ ቅጂ ተከተሉኝ።»

ወንድይፍራው ዓይኑን አጠበበ፤ ግን የማኅበሩ ሕግ ነው፣ አንባቢ አይቋረጥም። ጣቱን በራሱ መጽሐፍ መስመር ላይ አሳረፈ።

ትርሲት አነበበች። አንዱንም ቃል ሳትዘል። «‹…ትንፋሽ ወስዶ ሲደግም የምሰሶው ማሰሪያ ላልቷል ማለት ነው…›»

«የኔ ‹ሳቁ› ነው የሚለው» አሉ እትዬ አስካለ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«‹…አሥራ ዘጠኙ ጓደኞቼ ዛሬም ከሰባተኛው ምሰሶ ሥር ናቸው።›»

ወንድይፍራው ከንፈሩ ላይ የማሾፍ ፈገግታ እንደያዘ ነው። ጣቱ ግን «ምሳቸውን በሉ» የሚለው ላይ ቆሟል። ወረቀቱ ከጣቱ ሥር ቀስ እያለ ይሞቃል። ትርሲት ዓይኗን ከዚያ ጣት ላይ ማንሳት አቃታት። ሌላ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ያላትን ሁሉ አንብባለታለች።

ጢርርር… ቋ!

ከሩቅ ነው፤ ከከተማው መሃል።

«ይማርህ» አሉ እትዬ አስካለ።

ትርሲት ትንፋሿን ያዘች። ጎዳናው ላይ አንድ ሻጭ ይጣራል። የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል።

ጢርርር… ቋ!

«ውይ! ዛሬስ ጉንፋን ይዞታል። ይማርህ!» አሉና እትዬ አስካለ ወደ ወንድይፍራው ዞሩ። ምርቃት በሦስት ሰው ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው። «በል እንጂ፣ አንተስ?»

ወንድይፍራው አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣም። ፊቱ አመድ መሰለ። መጽሐፉ ከጭኑ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳውም። ተነሳ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር፤ በባዶ እግሩ አለፈው።

«የት ነው? ምን ሆንክ? ወንድይፍራው!» አሉ እትዬ አስካለ።

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቀረ፤ የሩጫው ድምፅ ወደ ሰባተኛው ምሰሶ እየራቀ ሄደ።