ሊጫን የማይችል ኪሎ

አሎሎ ወርዋሪዋ በክብደት ማንሻው አዳራሽ ወለል ላይ ተዘርራ ስትገኝ ነፍሷ ወጥቶ ነበር። አስከሬን የመረመረው ባለሙያ ጡንቻዋ ከልክ ባለፈ ሥራ ፈርሶ ኩላሊቷን እንደዘጋው ጻፈ። የቡድኑ ሐኪም ግን «የተከለከለ መድኃኒት ወስዳ ነው» የሚል መግለጫ አዘጋጅቶ ለጋዜጠኞች ሊያነብ ሰዓት ቆርጧል። ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሞታም አልተዋትም።

የሟቿ ታላቅ እህት በር ላይ ቆማ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሏት ነበር» አለች። «ልምምድ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። እናታችን "ልጅሽ አጭበርባሪ ነበረች" ሲሏት ምን ልትሆን ነው?»

ሐኪሙ በኮምፒውተር የታተመ የልምምድ መዝገብ ለመርማሪዋ አቀበላት። «ይኸው፣ አንድ ቀን አልቀረችም። ጫናውም ቀስ በቀስ ነው የጨመረው፤ ሳይንሱ እንደሚለው።»

መዝገቡ ላይ የሰፈረው ኪሎ ስልሳ፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት ይላል። የደከመችበት አንድ ቀን የለም። ሰው ናት ወይስ አሳንሰር? አለች መርማሪዋ በሆዷ። ሄዳ በዘንጉ ጫፍ የሚሰኩትን ዲስኮች አንድ በአንድ አየች። ትንሿ ሁለት ኪሎ ተኩል ናት።

«ከዚህ ያነሰ የለም?» ስትል እዚያው የቆመውን የሟቿን አሰልጣኝ ጠየቀችው።

«ስንት ዓመት ጠይቄ ማን ሰምቶኝ!» አለ አሰልጣኙ። «ልጅቷ "ሙሉ ልምምድ ትችላለች" የሚል የሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች። እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደ ወትሮዋ መቶ ኪሎ አሸክሜ ቁጭ ብድግ አሠራኋት።»

መርማሪዋ ሐኪሙን፣ አሰልጣኙንና እህትየዋን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዲስክ በግራም በቀኝም እኩል ነው የሚገባው» አለች። «ትንሿ ሁለት ተኩል ከሆነች ጭማሪው ቢያንስ አምስት ኪሎ ነው። ስልሳ ሁለት እዚህ ቤት ሊጫን አይችልም! አሰልጣኙ ቢዋሽ ስልሳ አምስት ይል ነበር። ይህን የፈጠረው ብረት ጭኖ የማያውቅ ሰው ነው። ሦስት ሳምንት ታሞ የተኛ ሰው ከወትሮው ጫና ግማሽ በታች እንደሚጀምር ያውቃሉ፣ ዶክተር። መተኛቷን የደበቁት ለዚህ ነው። ወረቀቱን ሲፈርሙ መርምረዋታል?»

ሐኪሙ በእጁ የያዘውን መግለጫ አጣጠፈ። «ውድድሩ ደርሶ ነበር… በስልክ ደህና ነኝ አለችኝ።»

መርማሪዋ መግለጫውን ከእጁ ነጥቃ ቀደደችው።

እህትየዋ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «ጋሼ፣ ወረቀቱን አመኑ፣ እሺ። እግሯ ሲንቀጠቀጥ ግን አላዩም?»

«አይቻለሁ» አለ አሰልጣኙ። «ቀጥዪ አልኳት።»