የሦስተኛው አዳራሽ ዝምታ

አውሊስ ኬቱነን በሦስተኛው አዳራሽ፣ በኮምፒዩተር መደርደሪያዎቹ መካከል፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው በጎኑ ተኝቶ የተገኘው ረቡዕ ጠዋት ነበር። በማግስቱ መርማሪ ሄልካ ቩኦሪዮ በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ አሁን የኮምፒዩተር ማዕከል ወደሆነው የቀድሞ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ስትወርድ አስከሬኑ ተነሥቷል። ኮቱ ግን በመግቢያው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ከአየር ማስገቢያው በሚወጣው ንፋስ አንድ እጅጌው ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

«ማንም ሊነካው አልደፈረም» አለ ዘበኛው ኡርሆ። «እኔማ ዛሬ ሁለት ጊዜ እንደምን አደርክ ብዬዋለሁ። አትሳቂብኝ፣ ልጄ።»

«አልሳቅሁም። የአደጋ ማንቂያው ጮኾ ነበር?»

«አውሊስ አልጮኸም።»

ሄልካ ቀና ብላ አየችው።

«ማንቂያው የእሱ ድምፅ ነው እኮ! ራሱ ነው የቀዳው። ፉጨት ሰው ያስደነብራል፣ እኔ ልንገራቸው አለ። እሑድ ለት እንኳ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ውሏል። ሰኞ የሥራ አስኪያጁ እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ ግን ጭጭ።»

በአዳራሹ እሳት እንዳይነሣ የአየሩ ኦክስጅን ሆን ተብሎ ወደ አሥራ አምስት በመቶ ዝቅ ይላል። ረቡዕ የናይትሮጅኑ ቧንቧ መዝጊያ በመጣበቁ ከዘጠኝ በታች ወርዶ ነበር። ከአሥራ ሦስት ሲያንስ መጮኽ የነበረበት የክትትል ፕሮግራሙ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ታኔሊ ሳሬላ በመቆጣጠሪያው ክፍል ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ያሳዝናል፤ ነገር ግን ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ የሚታዘዝበት የውቅር ፋይል ይኸው።»

በፋይሉ ያለው እያንዳንዱ መስመር ተሰኪ የሚባል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ተሰኪ ሙቀትን፣ ሌላው የውኃ ፍሳሽን፣ ሌላው ኦክስጅንን ይጠብቃል። በኦክስጅኑ መስመር ላይ በአሥራ ሦስት ፈንታ አምስት ተጽፏል። ከጎኑ «ሳኔልማ፣ እሑድ» ይላል።

ሳኔልማ የሟቹ ልጅና የሥራ ባልደረባው ናት።

«የገዛ አባቷን!» አለ ሳሬላ ራሱን እየነቀነቀ። «ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ።»

ሳኔልማ በመመገቢያው ክፍል ያልተነካ አጃ ዳቦ ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«አልጻፍኩትም» አለች። «እሑድ ግን እዚህ ነበርኩ። ስሜን ደጋግሜ ሳየው፣ ጽፌው ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። አባዬን ገድዬው ይሆን እንዴ?»

«መስመር የምትለውጡት እንዴት ነው?»

«አሮጌውን አናጠፋም፤ አባዬ አይወድም። ራሱ ላይ የመሰላል ምልክት፣ ይህችን #፣ እናደርግበታለን። ፕሮግራሙ ምልክቱን ካየ መስመሩን ዘሎ ያልፋል። አዲሱን ከሥሩ እንጽፍና ፕሮግራሙን አጥፍተን እናስነሣዋለን።»

«ማስነሣቱ ለምን?»

«ፋይሉን የሚያነበው ሲነሣ ብቻ ነዋ። ካላስነሡት ያኔ ያነበበውን ይዞ ይኖራል፤ ፋይሉ ላይ የፈለግሽውን ብትጽፊ አያውቅም።»

«ሰኞስ የት ነበርሽ?»

«ሆስፒታል። አባዬ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ተመለስን። እኔ መኪና ሳቆም እሱ ቀድሞኝ ወረደ።» ዳቦውን ከፊቷ ገፋችው። «ቁጥር ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር።»

ሄልካ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመልሳ ግድግዳው ላይ ካለው የኮምፒዩተር ማያ ፊት ብዙ ቆየች። የሙቀቱንና የውኃውን ልኬት የሚያሳዩት መስመሮች ይንቀሳቀሳሉ። የኦክስጅኑ መስመር ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ክር ተበጥሶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላትና ዞረች፤ ማንም የለም።

ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«አቶ ሳሬላ፣ ረቡዕ አውሊስን አግኝተውት ነበር?»

«እዚሁ በሩ ላይ። ቁጥሩን አንብብልኝ አለኝ። አሥራ አምስት ነው፣ ግባ አልኩት።»

«እውነት ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለ ኡርሆ።

«ከዚህ ማያ ላይ አይተው?»

«በዓይኔ አይቼ።»

«እንግዲያው ከማያው እንጀምር» አለች ሄልካ። «ፕሮግራሙ አምስት የሚለውን አንብቦ ቢሆን ኖሮ አይጮኽም እንጂ መለካቱን አይተውም ነበር፤ አየሩ ሲወርድ መስመሩም ሲወርድ እናይ ነበር። መስመሩ ግን ከሰኞ ጀምሮ የለም። ስለዚህ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በፋይሉ ያለውን የኦክስጅን መስመር በመሰላል ምልክት ዘግቶ ፕሮግራሙን አስነሥቷል። ያን ጊዜ አባትና ልጅ ሆስፒታል ናቸው። ኡርሆ፣ የይለፍ ቃል አለህ?»

«እኔ? የእጅ ስልኬን ዝም ማሰኘት ያቃተኝ ሰውዬ!»

«ይህ አምስት ቁጥር ደግሞ አሮጌውን መስመር አጥፍቶ የተጻፈ ነው። የአውሊስ ልጅ እንዲያ አትጽፍም። አንድ ሰው ብቻ ቀረን።»

ሳሬላ ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዶች ነበሩብኝ! እሑድ ሲጮኽ ነው የዋለው! እንደሄዱ ግን ምልክቱን አንሥቼዋለሁ፤ ያንኑ ቀን መልሼዋለሁ!»

«ከፋይሉ ላይ አነሡት። ፕሮግራሙን ግን አላስነሡትም።»

ሳሬላ ፋይሉን፣ ከዚያም ባዶውን ማያ አየ። ገና አሁን እንደገባው ሁሉም አዩ።

«ለምን እንዳልጮኸ እርስዎም አላወቁም ነበር» አለች ሄልካ ዝግ ብላ። «ስለዚህ ምክንያት ፈጠሩለት፤ አንድ ቁጥርና የልጁን ስም። ዓይኑ የታመመ ሰው አንብብልኝ ሲልዎት ግን ማያው ባዶ ነበር።»

«ሁልጊዜ አሥራ አምስት ነው» አለ ሳሬላ ጫማውን እያየ። «አላየሁትም። ሁልጊዜ አሥራ አምስት ነው።»

ሄልካ ወንበሩን ለሳኔልማ ለቀቀችላት። «የፋይሉ ቅጂ ለማስረጃ ከእኔ ጋር ነው። አስተካክይው።»

ሳኔልማ አምስት የሚለውን አላጠፋችም፤ ራሱ ላይ የመሰላል ምልክት አደረገችበት። ከሥሩ አሥራ ሦስት ብላ ስሟንና የዕለቱን ቀን ጻፈች። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሣችው።

በማያው ላይ አንድ ነጥብ በራ፤ ስምንት። በታሸገው አዳራሽ ያለው ቧንቧ ገና አልተጠገነም ነበር።

ከጣሪያው ትንሽ የሻከረ፣ የማይቸኩል የሽማግሌ ድምፅ ወረደ።

«ውጡ። አየሩ ቀንሷል። አትሩጡ፤ ብቻ ውጡ።»

ኡርሆ ቆቡን አወለቀ። «እሺ፣ አውሊስ» አለ።

ሳኔልማ ኮቱን ከሚስማሩ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሳትሮጥ ወጣች።