የጉምራል ሁለተኛ ዓይን

በሳርማን ምድር፣ ዝሆን የጉንዳንን ተራ ጠብቆ ውሃ በሚጠጣበት፣ ማር ከመትረፍረፉ የተነሣ ንቦች ይቅርታ በሚጠይቁበት በዚያ ታላቅ መንግሥት፣ ፀሐይ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወጣች። መጀመሪያ እንደ ልማዷ በምሥራቅ ብቅ አለች፤ ታች ያለውን አይታ ደነገጠችና ተመልሳ ገባች፤ ከብዙ ማመንታት በኋላ እንደገና አንገቷን አወጣች።

ያስደነገጣት ይህ ነበር። በሳርማን ፊት ያለው ሰው አልነበረም። ከንጉሡ አንሥቶ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኖ ነበር የነጋለት። ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ያስነጥሳሉም፤ በምናቸው እንደሚያስነጥሱ ግን እነርሱም ግራ ገብቷቸዋል። ይህን ያደረገ ጉምራል የሚባለው ጭራቅ ነው። ከአዝርቂት ተራራ ከጉሙ ጋር ወርዶ የሕዝቡን ፊት እንደ በቆሎ ሸልቅቆ ይዞት ሄዷል።

ከእርሱ ያመለጠች አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ የሥዕል ቤቱ ተማሪ ዜሚት። እርስዋም ያመለጠችው በጀግንነት አይደለም። እጇ ለሥዕል አልታዘዝ ብሎ፣ ለቀለም የሚሆን ቀይ አፈር እንድትቆፍር ተልካ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት ነው።

በሳርማን የሠለጠነ ሠዓሊ በልሙጥ ፊት ላይ በብርዕ ቢሥል ሥዕሉ ሥጋ ይሆናል፤ ቆዳም አንድ ጊዜ የተቀበለውን ቀለም አይለቅም። ስለዚህ የሥዕል ቤቱ ሊቃውንት በዳሰሳ አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን ሣሉ፤ ከዚያ እጃቸው መብረቅ ነውና የመላ ሀገሩን ፊት ሥለው ጨረሱ። እልልታው ሰማይ ሰነጠቀ። ከዚያ ሕዝቡ ዞር ብሎ እርስ በርሱ ተያየ፤ እልልታውም ቀጥ አለ።

ሊቃውንቱ ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት ከአብነት፣ አባቶች የተዉትን አንድ ሥዕል በመገልበጥ ነበር። ሕያው ሰው ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው አያውቁም። ዓይን እንደ ለውዝ፣ አፍንጫ እንደ ሻማ፣ አፍ እንደ ጽጌ እንቡጥ፤ በቃ። እናም ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንድ ፊት ለብሶ ተነሣ። አፉ አንድ ስለ ሆነ ድምፁም አንድ ሆነ። ባል አማቱን አቅፎ ገበያ ዋለ። ንጉሥ ነኝ የሚሉ ሰዎች አደባባዩን ሞሉት፤ ዙፋኑ ላይ አንድ አህያ ነጂ ተቀምጦ ፈረደ፤ እውነት ለመናገር ፍርዱም ክፉ አልነበረም።

ዜሚት ወደ ቤቷ ሮጠች። በራፉ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፤ ሦስቱም አንድ ፊት።

«ልጄ!» አለች አንዷ።

«ልጄ!» አለች ሁለተኛዋ።

ሦስተኛዋ ግን ግንባሯን እያሻሸች፣ «አንቺ ልጅ፣ አትታዘቢኝና» አለች፤ «እኔ የአንቺ እናት ነኝ ወይስ የጎረቤትሽ? ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነበር፤ እምቢ አለኝ።»

ዜሚት ሦስቱን ተራ በተራ አየች። የሌላ ፊት የለበሰ ሰው ቀስ በቀስ ራሱን እንደሚረሳ በዚያች ቅጽበት ገባት። ንጉሥም ዙፋንም ለእርስዋ ምኗም አልነበሩም፤ እናቷ ማንነቷን ሳትረሳ ፊቷ ይመለስ፤ ፍላጎቷ ይህ ብቻ ነበር። እናቷ ከሦስቱ የትኛዋ እንደ ሆነች ግን አታውቅም።

የሥዕል ቤቱ ሹም አለቃ ድብሩክ አስጠሯት። በፊታቸው ሳይሆን በቁጣቸው ነው ያወቀቻቸው።

«ስሚ» አሉ። «ጉምራል የሚታሰረው መልኩን በብራና ላይ አስመስሎ በመሣል ነው። አባቶቻችን ሥለው አስረውት ነበር፤ እንዴት እንዳመለጠ አልገባንም። እኛ በአብነት ዓይን ስለምናይ ከአብነቱ ሌላ የሚታየን የለም። የገዛ ዓይን ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። የሥዕል ቤቱ ደካማ ተማሪ መሆንሽ ያሳዝናል፤ ግን ምን ይደረግ?»

«አለቃ፣ እኔ እኮ እንኳን ጉምራልን ድስት ሥዬ አላውቅም።»

«በየዕለቱ ሣይ። እንጀራ ሳትቀምሽ ሣይ። አሁን ማይልኝ! የክፉ ፊት በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ለክፉ ሁለት ዓይን መስጠት ክህደት ነው።»

«በእናቴ ስም እምላለሁ፤ ለክፉ ሁለተኛ ዓይን አልሰጥም!» አለች ዜሚት። ንጉሥ ነን ባዮቹም በአንድ ድምፅ፣ «በዘውዳችን እናዝዛለን፤ ሂጂ፣ አስረሽው ተመለሽ!» ብለው አወጁ።

አብሯት የወጣው ጎሽሜ ነበር፤ በማስነጠስ ብቻ አንበሳ ገድያለሁ የሚል ጦረኛ። «በዚህ ፊት እኮ ድመትም አትፈራኝም» አለ፤ «ፊቴን ሳላስመልስ ጦር አልወረውርም።»

መንገዱ እንዲህ ረጅም ነበር፤ ጥላቸው ደክሞት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ዜሚት በየማለዳው ጎሽሜን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በከሰል ትሥላለች።

«ይሄ ማነው?» አለ የመጀመሪያውን ሥዕል አይቶ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«እኔ የተቀቀለ ድንች መስሎኝ። ደግሞ ድንቹ ጆሮው የት ሄደ?»

በማግስቱም ሣለች፤ በማግስቱም። አንድ ቀን ክንዷን ዘርግታ በሰንበሌጥ የጎሽሜን ራስ ለካች፤ ለክታም ጮኸች። ጩኸቷ አንድ ቋጥኝ አንከባሎ ምሳቸውን ደፈጠጠው።

«ጋሼ! የሰው ዓይን ለካ በጭንቅላቱ መሐል ነው ያለው!»

«እስከ ዛሬስ የኔን የት ነበር ያደረግሽው?»

«ግንባርዎ ላይ።»

«ለዚህ ነው ራስ ምታት የያዘኝ» አለ ጎሽሜ።

ከዚያ ሰውነቱን ትሥል ጀመር። በግራ እግሩ ሲቆም የግራ ዳሌው ሽቅብ፣ የግራ ትከሻው ቁልቁል እንደሚል አየች። ሲዋሽ ቅንድቡ ይነሣል፤ ስለዚህ ቅንድቡ ዕረፍት አያውቅም። ሀገር ሁሉ የለበሰው ያ አንድ ፊት እንኳ በጎሽሜ ላይ የጎሽሜ ሆኖ ይታያት ጀመር፤ ጉንጩ ሲስቅ የሚሸበሸበው እርሱን ብቻ በሚመስል መንገድ ነው። ግን እጇ እየተፈታ በሄደ ቁጥር ልቧ ይበልጥ ይደናገራል። ትናንት ጥቁር ያለችው ጥላ ዛሬ ሰማያዊ ነው። አፍንጫ የምትለው ነገር መሥመር የለውም፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ምንም የማውቀው ነገር የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ጎሽሜ፤ «እኔ ግን ቂጤ ደንዝዟል።»

አዝርቂት ደረሱ። ተራራው ከመርዘሙ የተነሣ ጫፉ ላይ የተነሣው ነፋስ ታች ሲደርስ አርጅቶ ነው። ዋሻው ውስጥ የሳርማን ፊቶች እንደ ቋንጣ በገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ይጠቅሳሉ፣ ያዛጋሉ፣ እርስ በርስ ይገላመጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ዜሚትን አይታ ፈገግ አለች። የእናቷ ፊት! ግራ ጉንጯ ላይ ያለችው ማድያት፣ ሁልጊዜ የተኛ የሚመስለው አንዱ የዓይን ቆብ። ዜሚት እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

«ደግሞ መጡ፣ ሠዓሊዎቹ!» አለ ከጨለማው ድምፅ።

ጉምራል ወጣ። ራሱ ላይ ቀንድ አለው፤ ትከሻው ከመስፋቱ የተነሣ ሰባት ጎሽ ጠምዶ ያሳርሳል። ፊቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ አሁን ሙሽራ፣ አሁን ዳኛ፣ አሁን ጥርስ ያላወጣ ሕፃን። ዜሚትን አየት አደረገና ያለ ምንም ጠብ ዞሮ በጎኑ ቆመ።

«በጎኔ ነው አይደል የምትፈልጊኝ? አባቶችሽም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።»

ዜሚት ለምን እንደ ታዘዘላት አልገባትም። ጎሽሜም አልገባውም። እንደ መሐላዋ በጎኑ፣ አንድ ዓይን ሰጥታ ሣለችው። የጉምራል ግማሽ አካል እየተንቋቋ ድንጋይ ሆነ። ግማሹ ግን ሣቀ፤ በቀረው እጁም ጎሽሜን ከወገቡ አፈፍ አደረገው።

«አባቶችሽ ግማሼን አሰሩ፤ ግማሼን ማየት ፈርተው ተዉት! የሳርማንን ፊት የገፈፈው ማን ይመስልሻል? ያልሣላችሁት ግማሽ ነው፤ የታሰረውንም የፈታው እሱ ነው!»

ዜሚት ዓለም ዞረባት። ሥዕል ቤቱ፣ አለቃ፣ መሐላው ሁሉ ተምታታባት። ሁለተኛ ዓይን ክህደት ነው፤ አንድ ዓይን ደግሞ በር ክፍት ትቶ መተኛት ነው።

«ምን ይገትርሻል!» ብሎ ጮኸ ጎሽሜ፤ የጉምራልን ቀንድ ይዞ እየታገለ ነው። «ዙሪና ሣይው!»

ወደ ፊት ለፊቱ ዞረች።

ጉምራል ሣቁን ተወ። «ቆይ» አለ፤ ድምፁ አሁን የምር ሆነ። «ሁለተኛ ዓይኔን አይቶ የሣለ ሰው በልቡ ከያዛቸው ፊቶች አብልጦ የሚወደውን ያጣል። ፊቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ አንቺ ግን ደግመሽ አታውቂውም። እንግዳ ይሆንብሻል። ሂጂ፤ ለቀረልኝ ግማሼ ስል እተውሻለሁ።»

ዜሚት ገመዱ ላይ ወዳለው ፊት አየች። ማድያቷን አየች። የተኛውን የዓይን ቆብ አየች። 

«እርስዋ ራስዋን ታስታውስ» አለች። «እኔ ፊቷን እንደገና እማረዋለሁ።»

ቀና ብላም ሁለቱንም ዓይኖቹን አየች።

ፊቱ እንደ ነበልባል ተለዋወጠባት። ሙሽራ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ ሽፍታ ሆነ። በየማለዳው ድንጋይ ላይ የተማረችው እዚህ ረዳት፤ ፊት ይለዋወጣል፣ አጥንት ግን አይለዋወጥም። ከሥር ያለውን የግንባር ጠርዝ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአገጭ መታጠፊያ ያዘች።

«አይንቀሳቀሱ፣ ጋሼ! ብርሃኑን ከለሉኝ!»

«እኔ ነኝ እንዴ የምንቀሳቀሰው!»

ሁለተኛው ዓይን ብራናው ላይ አረፈ። ከሰሉ ተሰበረ። ከጉምራልም ውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ያ ትንፋሽ ደመናን ከባሕር ማዶ አሻግሯል ይባላል። ከዚያ ጉምራል ሙሉ ድንጋይ ሆነ።

ፊቶቹ ገመዱን በጥሰው እንደ ወፍ መንጋ ወደ ሳርማን በረሩ። አንዷ ግን ዜሚት ፊት ጥቂት ቆየች። ግራ ጉንጯ ላይ ማድያት አላት፤ ታለቅሳለችም።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች ዜሚት።

ጎሽሜ አላወቀም። የራሱ ፊት ተመልሶለት፣ ጠባሳውን በሁለት እጁ እየዳበሰ ነበር። «እንዴት ነኝ?» አለ።

«ከበፊቱ ይከፋሉ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን!» አለ፤ እንባው እየፈሰሰ።

በሳርማን በዓል ሆነ። አህያ ነጂው ከዙፋን ሲወርድ ሕዝቡ አለቀሰ፤ ንጉሡም የግድ አብሮ አለቀሰ። አለቃ ድብሩክ ብራናውን ዘርግተው ሁለቱን ዓይኖች አዩ፤ ቁጣ ፈልገው አጡ፤ ብርዓቸውን ይዘው አንድ ተማሪ ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ።

አንዲት ሴት ሕዝቡን እየገፋች ሮጣ መጣች። «ዜሚቴ! ስሜ መጣልኝ! ንጥሪት ነኝ፣ እናትሽ ነኝ!» ብላ አቀፈቻት። ዜሚት ከትከሻዋ በላይ ባዶውን አየች። እቅፉ የእናቷ ነው፤ አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ያለበት አቋቋም የእናቷ ነው። ፊቱ ግን አይታው የማታውቀው ፊት ነው። የዚያን ቀን በጀግናዋ ላይ የዘነበው አበባ ወንዝ ገድቧል፤ እርስዋ ግን አላየችውም።

«ምን ሆነሻል? ምነው እንደ እንግዳ ታዪኛለሽ?»

ዜሚት ነገረቻት። እናቷ ማድያቷን በጣቷ ዳበሰች።

«ተቀመጪ፣ እማ» አለች ዜሚት፤ ብራና ጭኗ ላይ ዘርግታ።

«አሁን?»

«አሁን። ነገም። ከነገ ወዲያም።»

ንጥሪት ተቀመጠች። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ «አንገቴ ዛለ፤ ጨረስሽ?» አለች።

«ገና ግንባርሽ ላይ ነኝ።»

የእናትየው እንባ ወረደ፤ ልትጠርገውም እጇን አነሣች።

«አትጥረጊው» አለች ዜሚት፤ «እሱንም ልሥለው።»